ከናስ የተቆረጠች ብሮንዚና

ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል፣ የመኪናው ቱርቦ ማፏጨት የጀመረበት ሹፌር ብዙ አያማርጥም፤ ቀጥ ብሎ ደምለው ጋራዥ ይሄዳል። ፉንዲ ደምለው ይሉታል፤ ባለሙያው ደምለው እንደ ማለት ነው። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሲገለበጥ ደምለው የሃያ ዓመት ወታደር ነበር። ከነገሌ የጦር ጋራዥ ጥቂት ቁልፎችና አንድ ፒንሳ በከረጢት ይዞ ድንበር ተሻገረና ዋልዳ ስደተኞች ካምፕ ገባ። እዚያ የእርዳታ መኪናዎችን እየጠገነ ስሙ ወጣ። ካምፑ ተዘግቶ ሰዉ በየፊናው ሲበተን እሱ ሞያሌ ቀረ። ብዙወርቅን አገባ፤ እሷ ትንሽ ምግብ ቤት፣ እሱ ከጎኗ ጋራዥ ከፈቱ። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈው።

የቱርቦ ሥራ ጥቃቅን ሥራ ነው። በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሁለት ማራገቢያዎች አሉ፤ አንዱን የሞተሩ ጭስ ያሽከረክረዋል፣ ሌላው አየር እየሳበ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ዘንጉ በደቂቃ እስከ መቶ ሺህ ጊዜ ይዞራል። አዳዲሶቹ መኪናዎች ውስጥ ኩሽኔታ የገባላቸው አሉ፤ እዚህ መንገድ ላይ የሚሠሩት የጭነት መኪናዎች ግን አብዛኞቹ ዛሬም በብሮንዚና ናቸው። ብሮንዚና ጣት ላይ የምትጠለቅ የምታህል የነሐስ ቀለበት ናት። ውስጧም ዘይት፣ ውጪዋም ዘይት ነው፤ በዘይት ላይ ተንሳፍፋ ከዘንጉ ጋር ትዞራለች። ዘይቱ የሚያልፍበት ክፍተት ከፀጉር ይቀጥናል። ከሰፋ ዘንጉ ይወዛወዛል፣ ከጠበበ ይነክሳል። ደምለው ሥራውን ለሚጠይቁት፣ «እኔ የምሠራው ዘይት የሚያልፍባትን ቦታ ነው፤ ሌላው ሁሉ ብረት ነው» ይል ነበር።

ያን ዓመት ዝናቡ ሁለት ወቅት ተከታትሎ ቀረ። ኡራን መንደር አካባቢ ኩሬዎቹ ደርቀው ከብት መውደቅ ጀመረ፤ ሰዉ በቦቴ በሚመላለስ ውሃ ነበር የሚኖረው። ከቦቴዎቹ ትልቋ የጡሪ ናት። ጡሪ ስልሳ ዓመት ያለፈው የቦረና ነጋዴ ነው፤ ሰው ሁሉ በበኩር ልጁ ስም አባ ሶራ ነው የሚለው። ቦቴዋን የሚነዳው ሊበን ይባላል፤ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሲስቅ ድምፁ ከመኪናው ጡሩምባ የሚበልጥ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የዚያች ቦቴ ቱርቦ ተፈትታ ደምለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ጨርሳለች እንጂ ያጠፋ ሰው አልነበረም። መለዋወጫው ከናይሮቢ ተልኮ ነበርና ደምለው ጥቅሉን ፈታው። በውስጡ ካሉት ሁለት ብሮንዚናዎች አንደኛዋ ልክ ሆነች፤ ሁለተኛዋ የሌላ ቱርቦ ነበረች። ስልክ ደወለ። ሻጮቹ ይቅርታ ጠይቀው ትክክለኛዋን በሚቀጥለው አውቶቡስ እንልካለን አሉ።

«መቼ ትደርሳለች?» አለ አባ ሶራ፣ ከበላዩ እንደ ቆመ።

«ሦስት ቀን። ቢበዛ አራት።»

«ትናንት ስንት ሴት ደወለችልኝ መሰለህ? ሕፃን አዝላ ጀሪካን ይዛ መንገድ ዳር የተቀመጠችውን አራት ቀን ቆዪ ልበላት? ሐራካ፣ ፉንዲ! አንተ የማታውቀው ዘዴ የለም። ዛሬ አስነሳልኝ።»

ሐራካ ማለት ፍጠን ማለት ነው፤ ሞያሌ ውስጥ ጋራዥ የሚሠራ ሰው በቀን መቶ ጊዜ የሚሰማው ቃል። ቃሉ ደምለውን አስቆጣው፤ አኮራውም። የማታውቀው ዘዴ የለም ሲባል ደስ ይለው ነበር። ትክክለኛውን ነሐስ ቢያገኝ ብሮንዚናዋን በቶርኖው፣ በብረት መቁረጫ ማሽኑ፣ ራሱ መቁረጥ ይችላል፤ ከዚህ በፊት ቆርጦ ያውቃል። ያን ቀን ግን ነሐስ አልነበረውም። የነበረው አንድ አሮጌ የውሃ ቧንቧ መዝጊያ ነው፤ እሱ ደግሞ ናስ ነው።

ናስና ነሐስ ለማያውቅ ሰው አንድ ይመስላሉ። ለቱርቦ የሚሠራው ነሐስ ውስጡ እርሳስ አለበት፤ ዘይት ለአፍታ ቢያጥር እንኳ ይችለዋል። ናስ አይችልም። ሲግል ይለሰልሳል፣ ይላጣል፣ ዘንጉ ላይ ይለጠፋል። ደምለው ይህንን ከስሙ እኩል ያውቀዋል። «ሁለት ጉዞ፣ ቢበዛ ሦስት» አለ በልቡ። «ትክክለኛዋ እንደ መጣች እጠራውና እቀይራለሁ።» መዝጊያውን ቶርኖው ላይ አሰረ። የተቆረጠችው ቀለበት ልኳ ልክ ነበር፣ የዘይት ቀዳዳዎቿም በቦታቸው። ከእጅ ሥራው አንዳች ጉድለት አልነበረባትም።

ቱርቦዋ ስትገጠም ሊበን አጠገቡ ቆሞ መብራት ያበራለት ነበር።

«ፉንዲ፣ ደህና ናት?» አለው።

«ደህና ናት።»

ለእሱም ለአባ ሶራም ሌላ ቃል አልነገራቸውም።

በአራተኛው ቀን ትክክለኛዋ ብሮንዚና በአውቶቡስ መጣች። ደምለው ፈርሞ ተቀበላት፣ ለካት፣ ልክ ነበረች፤ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጣት። ቦቴዋ ያን ቀን ኡራን ነበረች። በማግሥቱ ተመለሰች፣ ውሃ ሞልታ ሄደች። እሷን አስቁሞ ለመፍታት ለምን እንደሆነ መናገር አለበት። ለአባ ሶራ ናስ አስገብቼልህ ነበር ብሎ መናገር ደግሞ እያደር ከበደው። በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ቀላል ነበር፤ አምስት ቀን ሲያልፍ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ የሚባል ጥያቄ ተጨመረበት። ቦቴዋ በጋራዡ ደጅ ባለፈች ቁጥር ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። አታፏጭም። ጭሷም ንጹሕ ነው። «ይኸው ትሠራ የለም?» ይላል ለራሱ። «እሑድ መኪናዋ ስታርፍ እነግረዋለሁ።» እሑድም ቦቴዋ አላረፈችም።

ብሮንዚናዋ መሳቢያ ውስጥ በገባች በስምንተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ሞተር ብስክሌት አቧራ ለብሶ ከኡራን መጣ። ነጂው ገና ሳይወርድ ለአባ ሶራ ቤት ሰዎች ይጮህ ጀመር። ደምለው ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ደጁ ላይ ቆሞ ሰማ። «ሊበን! እጁ! ሞተሯ አልጠፋ ብላው!» ሰውየው ሌላ ነገር ሳይጨምር ደምለው ምን እንደሆነ ገባው። የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሊበን ኡራን ደርሶ ቦቴዋን አቁሞ፣ ውሃውን በሞተሩ ኃይል ወደ ገንዳው እየገፋ ነበር። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን፣ አህዮቻቸውን ይዘው ዙሪያዋን ከበዋል። በድንገት ሞተሯ ማንም ሳይነካት ድምፅ ጨመረች። ሰማያዊ ጭስ ተነሣ። ሊበን ሮጦ ቁልፉን ዘጋ፤ አልጠፋችም፤ ይልቁንም ጩኸቷ ባሰ። የናሷ ቀለበት ተበልታ አልቃ ዘንጉ ሲወዛወዝ፣ የሞተሩ ዘይት በቱርቦዋ በኩል ከአየሩ ጋር እየተሳበ ይገባ ነበር። ናፍጣ ሞተር እንዲህ የራሱን ዘይት ማቃጠል ሲጀምር ቁልፍ አያቆመውም፤ ካላፈኑት ዘይቱን እስኪጨርስ ወይም እስኪፈነዳ ይጮሃል። ሊበን ማርሽ አስገብቶ በፍሬን ሊያንቃት አሰበ፤ ከፊቷ ግን ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ ብታመልጠው ትጨፈልቃቸዋለች። «ሽሹ!» እያለ ሸሚዙን አወለቀ፤ የአየር ቱቦዋን ከቱርቦዋ አፍ ነቅሎ ሸሚዙን አጣጥፎ ወተፈባት። ማራገቢያው ሸሚዙን ሳበው። እጁን ከሸሚዙ ጋር ሳበው።

ሞተሯ ታፈነችና ቆመች። ከሰው ማንም አልተጎዳም፣ ከእሱ በቀር። የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች፣ ሌባ ጣቱን፣ የመሐሉንና የቀለበቱን፣ እዚያው አጣ። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ቀሩለት።

በሦስተኛው ቀን አባ ሶራ ቦቴዋን አስጎትቶ ቱርቦዋን አስፈትቶ አመጣት። ሁለት ሹፌሮች፣ አዳኖና ዲዳ፣ አብረውት ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

«ክፈታት» አለ አባ ሶራ። «ምን እንደ ገደላት በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። አዲስ ሠርተህ ሰጠኸኝ። በሁለት ሳምንት እንዴት ትሞታለች?»

ደምለው ከፈታት። ከነሐስ የተሠራችው ብሮንዚና ደህና ነበረች ማለት ይቻላል። የሱ ቀለበት ግን ግማሿ የለችም፤ የቀረው ቢጫ ቅርፊት ሆኖ ዘንጉ ላይ ተለጥፏል። ማስረጃው ከፊታቸው ተዘርግቷል፤ ከእሱ በቀር የሚያነበው ሰው ግን አልነበረም።

«ዘይት አጥሯታል» አለ። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ቀለበቷ ሁሉን ነገር ካበላሸች በኋላ ዘይቱ በእርግጥ ቦታው ላይ አልቆየም።

«ሹፌሮች ሞተር ሳይቀዘቅዝ ሲያጠፉ ነው አይደል ዘይት የሚያጥራት?» አለ አዳኖ። «አንተ ራስህ ነህ ሁልጊዜ የምትነግረን። ከማጥፋታችሁ በፊት ነዳጅ ሳትረግጡ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ትሥራ ትለናለህ።»

አባ ሶራ ወደ ደምለው ዞረ። «ሊበን በትኩሱ አጥፍቷት ነው?»

ደምለው ዘንጉን በጨርቅ ጠረገ። ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገ። ሦስቱም አፉን ያዩ ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አለ።

ከዚህ በላይ አልተናገረም። ግን በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ሊበን ገና ሆስፒታል አልጋ ላይ እያለ፣ ወሬው መኪና ማቆሚያውን ሁሉ አዳርሶ ነበር፤ ሊበን ተቻኩሎ በትኩሱ ሲያጠፋ ሲያጠፋ ቱርቦዋን ገደላት፣ ፉንዲ ደምለው ከፍቶ አይቶ መሰከረ ተባለ። አባ ሶራ ሌላ ሹፌር ቀጠረ። ለሊበን የላከበት መልእክት አጭር ነበር፤ ሲሻልህም አትምጣ የሚል።

ከዚያ በኋላ ደምለውን እህል አልዋጥ አለው። ብዙወርቅ ምግብ ስታቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የንስሐ አባቱን ከሩቅ ሲያይ በሌላው በር ወጣ። የቱርቦዋን ሬሳ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ጠረጴዛው ሥር ገፋት፤ ሊጥላት አሰበ፣ ግን መጣሉ ሁለተኛ ጥፋት መስሎ ታየው። ለምን እንደሚያስቀምጣትም አላወቀም።

ብዙወርቅ በበኩሏ የሊበንን ሚስት ቢፍቱን መጠየቅ ጀመረች። ስኳርና ወተት ይዛ ትሄዳለች፣ ልጆቹን ታጥብላታለች፣ ተመልሳ ደግሞ ለደምለው ታወራለታለች።

«ሰውየው ማንንም አያማርርም እኮ» አለችው አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች። «ቢፍቱ ትቆጣለች፣ እሱ ዝም ያሰኛታል። ጥፋቱ የኔ ነው ይላታል። ሁልጊዜ እጠብቅ ነበር፣ አንድ ቀን ግን ረስቼ ይሆናል፤ ጎዶማ መንደር ላይ ፍየሎች መንገድ ዘግተው ተናድጄ ያጠፋሁ ቀን ነበር ይላል። እየደጋገመ ያንን ቀን ነው የሚያስበው። ምስኪን!»

ደምለው ወደ ጋራዡ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሊበን የሌለበትን ጥፋት ፈልጎ ፈልጎ ለራሱ አግኝቷል። ፍየሎቹን ሳይቀር።

ወር ተኩል እንዳለፈ ሊበን በስቴጁ፣ መኪናዎቹ በሚቆሙበት ሜዳ፣ መታየት ጀመረ። ሥራ የለውም፤ ግን ሹፌር ባየ ቁጥር ይጠጋና የተጎዳ እጁን ከፍ አድርጎ ያሳያል። «እየኝ! ዳገት ወጥተህ፣ ጭነት ጎትተህ ስትደርስ ወዲያው አታጥፋ። ሦስት ደቂቃ ምንህ ነው? እኔን ሦስት ደቂቃ ናት ሦስት ጣት ያስከፈለችኝ።» ይላል፤ ይስቃልም። ሳቁ ግን ያኔ ከጡሩምባ የሚበልጠው አልነበረም። ደምለው ዳቦ ሊገዛ ሲያልፍ ይህን ሰምቶ ዳቦውን ሳይገዛ ተመለሰ። ምክሩ እውነት ነው፤ ሹፌሮቹንም ይጠቅማል። ሰውየው ብቻ ነው ያለ ጥፋቱ መማሪያ የሆነው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሊበን ሁለት አዲስ ሹፌሮች አስከትሎ ጋራዡ ገባ። ደምለው ሲያየው ሥራውን አቆመ።

«ፉንዲ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ ላስፈታዎት ነው» አለው። «እነዚህ መንጃ ፈቃድ ካወጡ ዓመት አልሞላቸውም። በአፍ ስነግራቸው አይገባቸውም። በትኩሱ እየጠፋች የተቃጠለች ቱርቦ ካለችዎት ያሳዩልኝ።»

ደምለው ከመደርደሪያው ከሌላ መኪና የወጣ ዘንግ አነሣ። ዘይት ከስሎ እንደ ተቃጠለ ድስት ቂጥ ጥቁር ሆኖ ተጣብቆበታል። ሊበን በግራ እጁ ተቀብሎ ለወጣቶቹ ሹፌሮች አዞረላቸው።

«አያችሁ? ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ይቆማል፣ ብረቱ ግን ገና እሳት ነው። የቆመው ዘይት ይከስላል። ከሰሉ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ብሮንዚናዋ ትራባለች። ልክ ነኝ፣ ፉንዲ?»

«ልክ ነህ።»

«የኔዋስ? እዚህ አይደለችም? እኔ ራሴ እስከ ዛሬ አላየኋትም እኮ። እሷን ባሳያቸው ይሻል ነበር፤ እጄም እዚሁ ስላለ ነገሩ ይገባቸዋል።»

ሸጥኳት፣ ጣልኳት የሚለው ቃል አፉ ጫፍ ደርሶ ነበር። ቢለው ያምነዋል። ደምለው ግን ቃሉን ዋጠው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከረጢቷን ጎተተ፤ ቱርቦዋን አውጥቶ ዘንጉን ከጥቁሩ ዘንግ አጠገብ አስቀመጠ።

ሊበን ጎንበስ ብሎ አየ። በሁለቱ ጣቶቹ ነካ፣ ቀጥሎ በግራው አነሣው። ዘንጉ ቢጫ ቅርፊት ከተለጠፈበት ቦታ በቀር ያበራል።

«ይቺ ጥቁር የለባትም» አለ።

«የለባትም።»

«አጥበዋት ነው?»

ይኼኛው ጥያቄ ደምለውን ከሁሉም በላይ ጎዳው። ሰውየው ማምለጫ እየሰጠው ነበር፤ ያውም ሳያውቅ።

«አላጠብኳትም» አለ። «ሊበን፣ አንተ በትኩሱ አላጠፋሃትም። በትኩሱ ብትጠፋ ኖሮ እንደዚያኛው ትከስል ነበር። ይኼ ቢጫ የምታየው ናስ ነው። ትክክለኛዋ ብሮንዚና አልደረሰችም ነበርና እኔ ከውሃ መዝጊያ ቆርጬ አስገባሁባት። እንደማትችል እያወቅሁ። ሞተርህን የገደለችው እሷ ናት። እጅህንም።»

ሁለቱ ወጣት ሹፌሮች ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ሊበን ዘንጉን አላስቀመጠም።

«መብራት ሳበራልህ» አለ ቀስ ብሎ። «ደህና ናት ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር።» እርስዎ ማለቱ ቀርቷል።

«ጠይቀኸኛል።»

«ትክክለኛዋ መቼ መጣች?»

ደምለው ይህን ባይጠይቀው ይመርጥ ነበር። «አንተ ከመጎዳትህ ስምንት ቀን በፊት።»

«የት ነበረች?»

«እዚህ። መሳቢያ ውስጥ።»

«በደጅህ ሳልፍ።»

«በደጄ ስታልፍ።»

ሊበን ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ይመታኛል ብሎ ደምለው ጠብቆ ነበር፤ ቢመታው ደስ ባለው። አልመታውም። ጮኸበት።

«ስንት ሌሊት ሳልተኛ ያደርኩ መሰለህ? ፍየሎቹን! ያቺን ጎዶማ ላይ ያጠፋኋትን ቀን! ሚስቴን ዝም በዪ እላት ነበር! ለሹፌር ሁሉ እጄን እያሳየሁ... አንተ እዚህ ሆነህ ትሰማ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«ተነሥ። አባ ሶራ ዘንድ ሂድና ይህንኑ ንገረው። አዳኖና ዲዳም ይጠሩ። ያን ቀን የሰሙህ ሁሉ ዛሬም ይስሙህ። ከኔ ጋር አትሄድም፣ ብቻህን ነው የምትሄደው።»

ደምለው ከመሄዱ በፊት ምግብ ቤቱ ገብቶ ለብዙወርቅ ነገራት፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብሎ። እሷ ማማሰያውን ይዛ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ወተት ይዤ ስመላለስ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?» አለች። «ቢፍቱ እጄን ይዛ ስታለቅስ፣ እኔ አይዞሽ ስላት... እግዜር ይይልህ፣ ደምለው።» ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችውና ድስቷን ማማሰል ቀጠለች። ለብዙ ቀን ከአስፈላጊ ነገር በቀር አላነጋገረችውም።

አባ ሶራ ሱቁ በረንዳ ላይ ነበር። አዳኖና ዲዳ መጡ፤ ሰምተው የመጡ ሌሎችም ተጨመሩ። ደምለው ቆሞ ተናገረ። አንዷንም አላስቀረም፤ ሊሆን ይችላል ያላትን ቃል ሳይቀር ደገማት።

«እኔ ሐራካ ብዬሃለሁ» አለ አባ ሶራ ሲጨርስ። «ብያለሁ፣ አልክድም። ናስ አስገባ ግን አላልኩህም። ሦስት ቀን ያስፈልገኛል ብለህ እምቢ ብትለኝ ምን አደርግህ ነበር? እጮህ ነበር፣ ጮኼ እቀመጥ ነበር።»

«ለስሜ ብዬ ነው፣ አባ ሶራ። ዘዴ አያጣም ያሉኝን ወድጄው ነው።»

«ልጁን አትምጣ ብዬ ልኬበታለሁ» አለ ሽማግሌው፣ አሁን የሚናገረው ለራሱ ይመስል። «አልጋ ላይ ሳለ።» ምርኩዙን አነሣና ተነሣ። ጫማውን በትክክል ሳያጠልቅ ወደ ሊበን ቤት ሲሄድ ሁሉም አዩት።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በደምለው ላይ የፈረዱት ካሳ ከባድ ነበር፤ አልተከራከረም። ሊበን ፍርዱን ተቀበለ፣ እጁን ለእርቅ ዘረጋ ማለት ግን አይቻልም። ሽማግሌዎቹ ይቅር በለው ሲሉት፣ «ጊዜ ስጡኝ» አላቸው፤ እነሱም አላስገደዱትም። ሥራው ተመለሰለት፤ ከእንግዲህ ቦቴ መንዳት ስለማይችል ግን አባ ሶራ የመኪናዎቹ ሁሉ ተቆጣጣሪ አደረገው። ያለ ሊበን ፈቃድ አንዲትም መኪና ከግቢ አትወጣም። ስቴጁም ላይ ሹፌሮችን መምከሩን አልተወም፤ አንድ ነገር ብቻ ጨመረበት፦ «ፉንዲው ያወጣትንም ያስገባትንም ብሮንዚና በእጃችሁ ይዛችሁ እዩ፤ ደህና ናት ሲላችሁ ብቻ አትሂዱ።»

ደምለው ደንበኛ ቀነሰበት። አንዳንዱ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻግሮ ማሠራት ጀመረ። የመጡትንም ሁለት ቀን ይፈጃል፣ አምስት ቀን ይፈጃል እያለ ሲመልስ አንዳንዶቹ ተሳድበው ይሄዱ ነበር። የንስሐ አባቱ ዘንድም ሄደ። ቀኖናውን ፈጸመ። ግን ማለዳ ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ያው ነበር፤ በደጁ ቦቴዋ ስታልፍ፣ ሊበን በመስኮት እጁን ሲያወዛውዝለት፣ እሱም ሲመልስለት።

ዝናብ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ወቅት፣ የአባ ሶራ ሌላኛዋ መኪና ቱርቦ አለቀች። ሊበን ራሱ ይዟት መጣ። ሰላም አላለም። ቱርቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ደምለው አዲሶቹን ብሮንዚናዎች ከጥቅላቸው አውጥቶ አንድ በአንድ እጁ ላይ አኖረለት። ሊበን በአውራ ጣቱና በትንሿ ጣቱ መካከል ይዞ ወደ ብርሃኑ አዟዟራቸው፣ ቁጥራቸውን አነበበ፣ መለሰለት። ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሊበን ከበርጩማው አልተነሣም፤ ዓይኑንም ከደምለው እጅ አላነሣም።

ማታ ብዙወርቅ እራት ስታቀርብ፣ «መጥቶ ነበር አሉ» አለችው።

«መጥቶ ነበር።»

«ምን አለህ?»

«የሞተሯንም ዘይት አብረህ ቀይር አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ብዙወርቅ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከብዙ ሳምንት በኋላ ከአንድ ሳህን አብራው ስትበላ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቀየርከው?» አለችው።

«ቀየርኩት» አለ ደምለው።